የንጉሡ ጠጅና የዩታው ደራሲ

ሰው የመጽሐፍ ሽፋን ጀርባውን ቀድሞ ቢያነብ ከስንት ጣጣ ይድናል። እኔ ያነበብኩት ግን ሥራውን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ብሉሚንግተን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል ነጂ ነኝ። እዚሁ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የተወለደችው ልጄ ሳሮን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። በ2018 ክረምት ግን ጡብ የሚያክል የዘንዶና የነገሥታት ልብ ወለድ ይዛ መጣችና፣ ከቸርቻችን ወጣቶች ጋር በአማርኛ ፊልም እናድርገው፣ አንተ ተርጉምልን አለችኝ። እምቢ የሚል አባት አለ? ሁለት ወር ሙሉ፣ ከሥራ ስገባ፣ "አባዬ፣ ዘንዶው ተቆጣ ነው ወይስ ተናደደ የሚባለው?" እያለች ትጠብቀኛለች። ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም። እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።

መጽሐፉ ግን ከነከነኝ። ስድስት መቶ ገጽ ሙሉ ማንም አይሳደብም። ፍቅረኞቹ እስኪጋቡ ድረስ እጅ ከመያያዝ አያልፉም። ንጉሡ ድል አድርጎ ሲመለስ ምን ቢጠጣ ጥሩ ነው? ትኩስ ወተት። ወተት የሚጠጣ ንጉሥ ማን ይፈራዋል? አላስቻለኝም፤ ጠጅ ቀዳሁለት። ትንሽም አስጨፈርኩት። አንድ ገጽ ተኩል፣ ከራሴ።

ጀርባውን ያነበብኩት ያኔ ነው። ደራሲው የዩታ ሰው፣ የአምስት ልጆች አባት፣ ሞርሞን፤ የኛ ቸርች ከክርስቲያን የማይቆጥራቸው። ለካ እነሱ እንኳን ጠጅ፣ ቡናም አይጠጡም።

ጭንቀቴ ጋሽ መኮንን ነበሩ። የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ ስክሪፕቱን አይተው ካልፈቀዱ የምንቀርጽበት አዳራሽ አይከፈትም። አንዴ ሌክ ስትሪት ላይ ሁለት የሞርሞን ሰባኪዎች ቢያስቆሟቸው፣ በዚያ ብርድ ሁለት ሰዓት ይዘው ራሳቸው ሰብከዋቸዋል። አሁን ሰባኪዎቹ እሳቸውን ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ አሉ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ እኔንና ሳሮንን ጠሩን። ስክሪፕቱን እስከ ጦርነቱ ድረስ አንብቤዋለሁ አሉ። ስድብ የለ፣ ዝሙት የለ፤ ጸሐፊው እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው፤ ለመሆኑ የት ነው የሚያመልከው?

"ዩታ አካባቢ" አልኩ። ውሸት አይደለም።

ሳሮን ግን መሸፋፈን አታውቅም። "ሂ ኢዝ ሞርመን" አለቻቸው።

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አድርገው ያላነበቡትን ገጽ በገጽ ይበረብሩ ጀመር። አለቀልኝ፣ የልጄ አማርኛ እዚህ ላይ ሊቆም ነው አልኩ በልቤ። መጨረሻው አካባቢ ጣታቸው ቆመ።

"ይኸውልህ፣ ወንድም ደረጀ። ጠጅ። ጭፈራ። ሞርሞንነቱን ደብቆ ደብቆ እዚህ ጋ አቃተው።"

ገጽ ተኩሏን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዟት። የቀረው ንጹሕ ነው፣ አዳራሹን ውሰዱ፤ ለንጉሡም ወተት ስጡት አሉ። ቀጥለውም፣ ይሄን ለጻፈው ምስኪን እንጸልይለት ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ጸሎቱ ረጅም ነበር። መሃል ላይ ሳሮን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና በጠራ አማርኛ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

"አባዬ፣ አሜን በል እንጂ። ላንተ እኮ ነው።"