አቶ ደርበው ያቃኑት ቀን

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «እኔ ምንም አልነካሁም» ባይ አለ። የሌለበት ቢሮ ካለ፣ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። እንጅባራ ላይ፣ በጤና ጽሕፈት ቤታችን፣ ይህ ሰው የእኛው ክቡር አቶ ደርበው ናቸው፤ በደመወዝ ወረቀት ንብረት ጠባቂ፣ በራሳቸው ሹመት የማሽን ሁሉ ሐኪም። አሮጌው ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክ ሆዱን ከፍተው አስታመሙት፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅ እንጂ ወረቀት አይወጣውም። የዋይፋዩን ሳጥን «እዚህ ኔትወርክ ይበዛል» ብለው መስኮት ላይ ሰቀሉት፤ ዝናብ ጠጣ። ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው። «እኔ ምንም አልነካሁም።»

ባለፈው ኅዳር አንድ ዓርብ ግን ነገሩ የቀልድ አልነበረም። የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ዳንግላ ሊመጡ ነው፤ ምዝገባው በዚያው ቀን ዐሥር ሰዓት ይዘጋል። መዝጋቢው እኔ ነኝ። እማማ ካሳነሽ ከጥሊሊ በሚኒባስ መጥተው፣ የልጃቸውን ክንድ እንደ ያዙ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ስማቸውን ጽፌ ስጫን ገጹ «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» አለኝ። ዳታቤዙ፣ የተመዝጋቢው ሁሉ ስም የሚከማችበት ቋት፣ ያለው ባሕር ዳር፣ ዋናው ቢሮ ሰርቨር ላይ ነው።

የሰርቨሩን አድራሻ አየሁ፤ ልክ ነው። የተጠቃሚውን ስም፣ የይለፍ ቃሉን፣ የፖርት ቁጥሩን አየሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። ባሕር ዳር ደወልኩ። «በእኛ በኩል ሰላም ነው» አሉ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ።

«ልጄ፣ ተመዘገብኩ?» አሉ እማማ ካሳነሽ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማማ።»

አቶ ደርበው ከኋላዬ ቆመው ይተነፍሳሉ። ዞሬ «ምን ነክተዋል?» አልኋቸው።

«እኔ ምንም...» አሉና የእማማ ካሳነሽን ዓይን አይተው አቆሙ። «ቀኑን ብቻ ነው ያቃናሁት። ሰባት ዓመት ቀድሞ አገኘሁት።»

የኮምፒውተሩን ቀን አየሁ፤ 2018። ከምሳ መልስ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ዘመኑ የእኛው ነውና ምንም አልመሰለኝም። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ለእሱ 2018 ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን የደኅንነት ሰርተፍኬት «ይህ ገና ያልተሰጠ ነው» ብሎ አላምንም ብሏል። ቀኑን መለስኩት። ለዐሥር ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀር የእማማ ካሳነሽ ስም ገባ።

እማማ እንደ ወጡ አቶ ደርበውን ተቆጣኋቸው። «ቀኑ ምን አደረገዎት?»

«የምርመራ ቀጠሮው ወረቀት ቀኑን ከማሽኑ ነው የሚወስድ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «በፈረንጅ ቀን እያወጣ፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሽማግሌዎች ቀጠሯቸው አልፎባቸው በሩ ላይ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው።»

እኔም አግኝቻቸው ነበር። «ለከርሞ ይሞክሩ» ብዬ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ቅዳሜን ቢሮ ገብቼ ወረቀቱ በእኛ ቀን እንዲወጣ ፕሮግራሙን ሳስተካክል ዋልኩ፤ አቶ ደርበው አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቀን በግድግዳው ካላንደር አመሳከሩልኝ። የሁለቱን ሽማግሌዎች ስልክ ፈልገው ተመልሰው እንዲመጡ የደወሉትም እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ኃላፊያችን ወይዘሮ ምሥራቅ ሁለታችንንም ጠሩን። «ዓርብ ሥራውን ያቆመው ማን ነው?»

አቶ ደርበው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«ኔትወርክ ነው» አልኩ።