ሰው የማያስቸግር ሰው

አንባቢ ሆይ፣ ሥራ እየፈለገ ሰው ላለማስቸገር አፉን የሚዘጋ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? አንዱ እኔ ነበርኩ። ድርቁ እርሻዬን ባጠፋበት፣ ንጉሡም ከዙፋን በወረዱበት ሰሞን፣ መካነ ሰላም አክስቴ ዘንድ ተጠጋሁ። ከቄስ ትምህርት ቤት ያመጣሁት ያማረ የእጅ ጽሕፈት ነበረኝ፤ ግን ጨዋ ሰው ራሱን ያሞግሳል እንዴ?

አክስቴ ወይዘሮ አሰለፈች፣ "አብሽር፣ አፉን ለእኔ ተወው" አሉኝ። እርዳታ እህል በሚታደልበት ሰልፍ ቆመው ላገኙት ሁሉ፣ "የወንድሜ ልጅ ጽሕፈት ያውቃል" ይሉ ጀመር። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ውሎ የእርዳታው እህል መጋዘን ኃላፊ ጆሮ ሲደርስ፣ እኔ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ሆኜ አረፍኩት። በዚያ ዘመን ይሄ ሹመት ነው ወይስ ክስ?

ኃላፊው አስጠራኝ። "የንጉሡ ጸሐፊ አንተ ነህ?"

ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። "ኧረ ጌታዬ፣ እኔ የቄስ ተማሪ ነኝ!"

"ጌታዬ ቀርቷል፤ ጓድ በል።" ወረቀት ሰጠኝ። "የተራቡትን ስም ጻፍ። ያለን ጸሐፊ የጻፈውን ራሱም አያነበው፤ ስማቸው የጠፋባቸው ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።"

የአሥር ቤተሰብ ስም ጻፍኩ። አንድ በአንድ አነበበና፣ "ነገ በጠዋት ና" አለኝ።

በሳምንቱ አንድ ጎልማሳ ስመዘግብ ግንበኛ መሆኑን ነገረኝ። ሥራ እንደሚፈልግ ግን ትንፍሽ አላለም። ብዕሬን አስቀምጬ ኃላፊው ዘንድ ገባሁና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አስቸገርኩ።

"ጓድ፣ የመጋዘኑ ግድግዳ ሊፈርስ ነው። እኔ ጥሩ ግንበኛ አውቃለሁ።"