አንድ ኮከብ ለእትዬ ዘሐራ በርበሬ

በእኛ አገር ሰው ፈልጎ ማግኘት ቀላል ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ የአንድ ሰው ስም ብትጠሩ፣ ሹፌሩ ሰውዬው ከማን ጋር እንደተኳረፈ ጭምር እያወጋ ከደጁ ያደርሳችኋል። ኢንተርኔት ግን ሌላ ነው። «በርበሬ» ብላችሁ ስትጽፉለት ማንን ከላይ፣ ማንን ከታች እንደሚያስቀምጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የሠርግ ቤት አስተናባሪ እንኳ እንዲህ አይከብድም። ድረ ገጽ እየሠራሁ የምኖር ሰው ብሆንም ነገሩ ዛሬም ይገርመኛል።

እትዬ ዘሐራ ቡሬ ውስጥ በርበሬ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። መንገዱ ሲሰፋ ሱቃቸው ከአስፋልቱ ዳር ተነሥቶ ውስጥ ሰፈር ገባ፤ አላፊ አግዳሚውም በዚያው ቀረ። በጥንት ደንበኞች ብቻ ሱቅ አይቆምምና፣ አዲስ ገዢ ካልመጣ ሊዘጉት ቆርጠው ነበር። ድረ ገጽ ሠራሁላቸው። የቡሬ በርበሬ ለሚፈልግ ሰው ግን ስማቸው የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ሆነ። የኢንተርኔቱ መፈለጊያ ሰው የመሰከረለትን ወደ ላይ ያወጣል፣ ደንበኞችዎ አስተያየት ይጻፉ፣ ኮከብም ይስጡ አልኳቸው። አምስት ምርጥ ነው፤ አንድ የመጨረሻው።

ደንበኛው አላሳፈራቸውም፤ ስልኩን እያወጣ ጻፈ። ከፍቼ ባየው አንድ ኮከብ፣ አንድ ኮከብ፣ አሁንም አንድ ኮከብ። «ይበላል።» «ለክፉ አይሰጥም።» «ዛሬም ወሰድኩ፤ ምንም አይልም።» ሱቁ ጭራሽ ወደ ታች ወረደ። እትዬ ዘሐራ አንገታቸውን ደፍተው በርበሬ መልቀማቸውን ቀጠሉ። አንጀቴን በሉት።

ምክንያቱን ሳላውቅ ማረፍ አልቻልኩም። ከኮከብ ሰጪዎቹ አንዱን፣ ከቋሪት ድረስ እየመጡ የሚገዙትን ጋሽ ሙላትን፣ ገበያ ላይ አግኝቼ በርበሬው ምን ሆነብዎት አልኳቸው። ደነገጡ።

«ተው እንጂ ልጄ። ይኸን የመሰለ በርበሬ አገር በሚያየው ነገር ላይ አሞግሼ በሰው ዓይን ላስበላት?»

እንግዲህ ፍረዱ። እኛ የደለበ በሬ አይተን «ምነው ከሳ» የምንል፣ ያማረ ሕፃን አይተን «ይኸ አስቀያሚ» የምንል ሰዎች ነን። መፈለጊያው ይህን ከየት ይማር? ለምኜ ለምኜ ጋሽ ሙላት ወደ ሁለት ኮከብ ከፍ አደረጉላቸው፤ እሱንም እየሰጉ።

እኔም ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ አንድ የባሕር ዳር ምግብ ቤት ባለቤት መኪናውን ከሱቁ ደጅ አቆመ። እንዴት እንዳገኘን ጠየቅሁት።

«ከላይ ያሉት ሁሉም ምርጥ ተብለዋል» አለኝ። «እታች ስደርስ ግን፣ ሰዉ አንድ ኮከብ እየሰጠ ተመልሶ ይገዛል። እኔም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ።»

የነበረውን በርበሬ ጭኖ፣ በየጊዜው ሊወስድ ተስማምቶ ተነሣ። ሱቁ ተረፈ። ከመሄዱ በፊት እባክህ አንተ እንኳ መስክርልን አልኩት። ፈገግ ብሎ ስልኩን አወጣ። መኪናው ከዓይን ሲጠፋ ከፍተን አየነው።

አንድ ኮከብ።

«እሰይ» አሉ እትዬ ዘሐራ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እየሳቁ። «በርበሬያችንን ወዶታል።»