በሐበሻ ነው በዓረብ?

ሰው ከዕቃ ጋር ሲጣላ ማየት ለሚወድ ከእኔ ሱቅ የተሻለ ቦታ የለም። ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ሁለት ደንበኛ ከቆመባት ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅባት ኪዮስክ አለችኝ። ሱዳኖቹ ደንበኞቼ «ያ ባሽሙሃንዲስ» ይሉኛል፤ ዋና መሐንዲስ ማለታቸው ነው። የተማርኩት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ሰው በፍቅር የሰጠውን ማዕረግ መመለስ ደግሞ ነውር ስለሆነ ዝም ብዬ ተቀብያለሁ።

እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ዕቃ የራሱ ሃይማኖት አለው። አንዱ «ስልክስ የድሮ ስልክ ነበር፤ ከፎቅ ብትጥለው አስፋልቱን ነው የሚሰብረው» ይላል። ሌላዋ አዲሱን ስልኳን እንደ አራስ ልጅ ደራርባ ጠቅልላ ትመጣና ኦሪጅናል መሆኑን ማርያምን ጠርታ ትምልልኛለች፤ ስከፍተው ማርያምን አለቦታዋ እንደጠራቻት አያለሁ፣ ግን አልናገርም። ሦስተኛው ሁሉንም በካርቱም ፀሐይ ያሳብባል። አንድ ሰውዬ እንዲያውም «ማይኩ ተበላሽቷል፤ የምናገረውን ሚስቴ አትሰማም» ብሎ አመጣልኝ። ፈተሽኩት፤ ማይኩ ጤነኛ ነው። ቀሪው ከሙያዬ ውጪ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል እኔ አንዲት አባባል ነበረችኝ፤ ለመጣው ሁሉ፣ ቢጠይቀኝም ባይጠይቀኝም እነግረው ነበር። «ዕቃ አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» እል ነበር። ስናገራት ደስ ትለኛለች፤ አነጋገሬም ትንሽ የሊቅ ይመስለኛል። ይቺን አባባሌን እንዴት እንደተውኳት ልንገራችሁ።

ነገሩ የሰዓት ነገር ነው። እናንተም እንደምታውቁት እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ዓረቡ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት። እኛ ጠዋት አራት ሰዓት ስንል ዓረቡ አሥር ይላል፤ ዓረቡ ከሰዓት በኋላ አራት ሲል ለእኛ አሥር ሆኗል። ስለዚህ ካርቱም የሚኖር ሐበሻ ሁሉ በጭንቅላቱ ሁለት ሰዓት ይዞ ይዞራል፤ ማንኛውም ቀጠሮም መጨረሻው ላይ «በሐበሻ ነው በዓረብ?» ካልተባለበት አሜን እንዳልተባለበት ጸሎት ነው። ሕፃን ልጅ እንኳን ይህን አይረሳም።

ከኪዮስኬ ጎን በአንዲት ስስ ኮምፔንሳቶ ተለያይቶ ጋሽ ታረቀኝ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። አምሳን ያለፈ፣ ላጤ፣ ንግግሩ ከስፌቱ የበለጠ የተመጠነ ሰው ነው። ስልክ አይዝም። በግራ እጁ ላይ በየጠዋቱ የሚሞላት የድሮ ሰዓት አለችው፤ በሐበሻ ነው የምትቆጥረው። ከዓመታት በፊት ሱዳን ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ በመለሰች ጊዜ የሰፈሩ ስልክ ግማሹ ሲቀየር ግማሹ እንቢ ብሎ ሰው ሁሉ ሲደነባበር፣ የእሱ ሰዓት በእጁ አንዴ ወደ ኋላ ተመልሳ ያለ ምንም ድንግርግር መንገዷን ቀጠለች። «ስልክ እንደ መንግሥት ነው» ይል ነበር ጋሽ ታረቀኝ። «ተኝተህ ስትነሣ ሰዓቱን ቀይሮ ይጠብቅሃል።»

እቴነሽ ደግሞ የወሎ ሴት ናት። ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ከድልድዩ ማዶ፣ አንዲት ሐጃ ቤት ትሠራለች፤ ሐጃዋ አሮጊት ስለሆኑ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምታስታውሳቸው እሷ ናት፤ እሷን የሚያስታውሳት ደግሞ ከእኔ የገዛችው ስልክ። የቤቱ ሰዓት በዓረብ ነውና ስልኩም በዓረብ ነው። ዓርብ ዓርብ ዕረፍቷ ነው፤ ዓርብ ዓርብም ጋሽ ታረቀኝ ጋ ልብስ ታመጣለች። ልብስ አልኩ እንጂ አንድ ቀሚስ ናት። በዚህ ሳምንት «ጋሽ ታረቀኝ፣ ትንሽ ያጥብቧት» ትለዋለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት «ጋሽ ታረቀኝ፣ ትንሽ ያስፏት»። ያቺ ቀሚስ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንቴ እንደከሳችና ስንቴ እንደወፈረች እግዜር ይወቀው። እሱም በዚያ ሁሉ ጊዜ ከልኬቱ በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስሟም አላገዘውም። ሊያናግራት በጠራት ቁጥር «እቴ ነሽ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት ይኬዳል?

አንድ ዓርብ እቴነሽ ቀሚሷን ሳትይዝ መጣች። ሐጃዋን ልጃቸው ፖርት ሱዳን ሊወስዳቸው ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ይነሣሉ፤ «አብረሽኝ ነይ፣ ደመወዝሽም ይጨመራል» ብለዋታል። ይህን የነገረችው ለእኔ ነበር፤ ፊቷ ግን ወደ ኮምፔንሳቶው ነው። ከወዲያ በኩል የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። «እስከ እሑድ አስብበታለሁ» አለችና ሄደች።

ጋሽ ታረቀኝ ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን መጥቶ አጠገቤ ቆመና «እስቲ ደውልላት» አለኝ።

«ምን ልበላት?»

«ምንም አትበላት። የምለውን ራሴ እላለሁ። ዓርብ በአራት ሰዓት ሞግረን፣ ወንዙ ዳር ካለው ትልቁ የኒም ዛፍ ሥር እጠብቃታለሁ በላት።»

ሞግረን ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ነጩ ከዚያ፣ የእኛው ከዚህ ይመጡና ሰዓት ሳይጠያየቁ ይገናኛሉ። ደወልኩላት። እጄ ላይ የአንድ ደንበኛ ስክሪን ነበር፣ የራሴን ስልክ በትከሻና በጆሮዬ መሐል ወሽቄ ነው የማወራው፣ ብቻ መልእክቱን አደረስኩ። እሷም «እሺ» አለች። «እሺ አለች» አልኩት። «እሺ አለች?» አለኝ። «እሺ አለች።» ሐሙስ ማታ አንዲቱን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ሲተኩሳት አየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ሱቁን ከፍቶ ነበር። መኪናው ይሽከረከራል፤ ብቅ ብዬ ባይ ከመርፌው ሥር ጨርቅ የለም።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነ?»

«አልመጣችም» አለ። ቆየት ብሎም «ሰዓቴ አርጅታለች መሰለኝ» አለ።

ይህን ሳንጨርስ አንዲት ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንላት፣ በራችን ላይ ቆመች። የወረደችው እቴነሽ ናት። ሐጃዋ የመንገድ ዕቃ እንድትገዛ ልከዋት ነው፤ ዓይኗ አብጧል። ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ቀና ብላ እንኳን አላየችም። ስልኩን ባንኮኒዬ ላይ አኖረችው።

«ይሄን ስልክ እይልኝ። ሰዓቱ ይዋሻል።»

ዝግ ብላ ነው የተናገረችው፤ ኮምፔንሳቶው ግን ምሥጢር አያውቅም። ጋሽ ታረቀኝ ከሱቁ ወጣ፣ ሰዓቱን ፈታ፣ ከስልኩ ጎን አስቀመጣት። ዓይኑን ከባንኮኒው ላይ አላነሣም።

«ይህችንም ክፈታት» አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ሐዋ የሰው ጉዳይ አይታ አታልፍም። መጥታ ፍርዷን ሰጠች። «ዋላሂ ጥፋተኛው ስልኩ ነው! ዛሬ ነትወርክ ማፊ፣ የለም፤ ነገ ከህረባ ማፊ፣ መብራት የለም፤ ሰዓቱን ከየት ያመጣዋል?» ሻዩን ብርጭቆው እንደያዘ የተከተላት አንድ የረክሻ ሹፌር ደግሞ «ላ ላ፣ ሰዓቷ ናት! ይቺ እኮ ከእኔ አባት ትበልጣለች፤ ኸላስ፣ በቃ፣ ጡረታ ትውጣ» ብሎ ተሟገተ። ስለ ድሮ ዕቃና ስለ ዘንድሮ ዕቃ ያ የማያልቀው ክርክር ተነሣ። ሁለቱ የዕቃዎቹ ባለቤቶች ግን መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል።

እኔም እንደ ልማዴ «ዕቃ አይዋሽም» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ምክንያቱም ሁለቱም ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እሷ በዚያ ስልክ የሐጃዋን አንድ ኪኒን አሳልፋ አታውቅም። እሱ ያቺን ሰዓት በየጠዋቱ እየሞላ ስንት ዓመት ኖሯል። ግን ስልኩ እውነተኛ ከሆነ «ሊያገኙኝ አልፈለጉም» ማለት ነው፤ ሰዓቷ እውነተኛ ከሆነች «አልፈለገችኝም» ማለት ነው። ሁለቱም ያንን መስማት አልፈለጉም፤ ሰውየውን ከሚወቅሱ ዕቃው ተበላሽቶ ቢገኝላቸው ይመርጣሉ። ስንቱ ሰው እንዲህ ሆኖ መጥቶልኝ፣ እኔ ዕቃው ጤነኛ ነው ብዬ ፊቱን አጥቁሬ ሰድጄው ይሆን? ያ ሚስቴ አትሰማኝም ያለኝ ሰውዬ ትዝ አለኝ።

መዋሸት ደግሞ አልቻልኩም። የሐዋን ስልክ ተቀብዬ አስተያየሁ፤ ስልኩም ልክ ነው፣ ሰዓቷም ስድስቱን ሰዓት ስደምርላት ደቂቃ አታዛንፍም። «ሁለቱም ጤነኞች ናቸው» አልኩ። ጋሽ ታረቀኝ ሰዓቱን ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ የማላውቀው ጭንቀት ያዘኝ።

«ቆይ ቆይ! ለመሆኑ አንቺ በስንት ሰዓት ሄድሽ?»

«በአራት ነዋ» አለች። «በሐበሻ። እሳቸው የሐበሻ ሰዓት አይደል የሚያስሩት? ጠዋት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቆሜ ነበር።»

ጋሽ ታረቀኝ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እኔ ግን... እሷ የምትኖረው በዓረብ ሰዓት ነው ብዬ...» አለ። «በዓረብ አራት፣ ከሰዓት በኋላ ነው የሄድኩት።»

እሷ ለእሱ ብላ በእሱ ሰዓት ሄዳለች፤ እሱ ለእሷ ብሎ በእሷ። ሁለቱም በየራሳቸው ሰዓት ቢሄዱ ኖሮም አይገናኙም ነበር፤ ያ ግን እንዲህ አያምርም ነበር።

ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ በየትኛው ነው ብለህ የነገርከኝ?» አለች እቴነሽ። «ከኒሙ ሥር ሆኜ ስንቴ ደወልኩልህ! ዝግ ነው፣ ዝግ ነው ይለኛል።»

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ጥቁር ነው። ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ባትሪው እንዳለቀ ቀርቷል፤ የሰው ስልክ ስጠግን የራሴን መሰካት ረስቻለሁ። ሕፃን ልጅ እንኳን የማይረሳትን ጥያቄም ረስቻለሁ። ባንኮኒው ላይ ሦስት ዕቃ ተደርድሯል፤ ከሦስቱ የሞተው አንድ ነው፣ እሱም የባሽሙሃንዲሱ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ይቅር በሉኝ። አልጠየቅኳችሁም።»

ሐዋ በሳቅ ፈረሰች። «እናንተ ሐበሾች ደግሞ! እኛ ቁጥር ምን ያደርግልናል? ባዕድ አልዐስር፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እንላለን፣ ኸላስ! አዛኑ ለሁሉም አንድ ነው።»

ጋሽ ታረቀኝ አልሳቀም። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እቴነሽ...» አለና ደነገጠ። «ስምሽን ነው የጠራሁት። ሌላ ማለቴ አይደለም።»

«ገብቶኛል» አለች። እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ መጣ። «ፀሐይ ላይ ብዙ ቆምክ?»

ቆምክ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ያጥብቧት፣ ያስፏት» ስትለው የኖረችው ሴት ናት። ሁላችንም ሰማናት፤ አማርኛ ለመስማት ያህል ብቻ የምታውቀው ሐዋ ሳትቀር የሰማቻት መሰለኝ።

«እስክትጠልቅ» አለ ጋሽ ታረቀኝ።

ያመጣት ረክሻ ጥሩምባውን ነፋ። «ያላ ያ ኡኽቲ!» አለ ሹፌሩ። እሱም «እህቴ» ማለቱ ነው፤ ይቺ ሴት ከዚህ ስም ማምለጫ የላትም። እየሮጠች ተሳፈረችና አንገቷን አውጥታ «ዛሬ ባዕድ ዐስር እመጣለሁ፤ እዚሁ!» አለች። መጣችም። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ኮምፔንሳቶዋን እንዳላሳፍር ብዬ ውጭ ሐዋ ጋ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። እሑድ ሐጃዋ መርቀዋት ያለ እሷ ሄዱ።

የሠርጉን ጥሪ እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ቅጣቴ መሆኑ ነው። የድግሱን ሰዓት በሐበሻ ብጽፍ ሱዳኖቹ ጎረቤቶቻችን ሊሳሳቱ፣ በዓረብ ብጽፍ የእኛዎቹ። ስለዚህ «ከዐስር አዛን በኋላ» አልኩት። የንስሐ አባታቸው ወረቀቱን ከመነጽራቸው በላይ አይተው «በታቦት ፊት ተጋብቶ ሰውን በአዛን መጥራት ምን የሚሉት ነው?» አሉኝ። ቆም ብለው አሰቡና «ቢሆንም ሰው አይዘገይም» ብለው ኪሳቸው ከተቱት። እሳቸውም ቀድመው ነው የደረሱት።

ከሠርጉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ እቴነሽ ብቻዋን መጣች። «ስልኬን በሐበሻ ሰዓት አድርግልኝ» አለች። «እንግዲህ ቤቴ የእሱ ቤት ነው። ብቻ እንዳትነግረው፤ ራሱ ይየው።» ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሼ ሰጠኋት።

ከሰዓት በኋላ መርፌ ልዋስ ጎረቤቴ ጋ ብቅ ብል ጋሽ ታረቀኝ ሰዓቱን እያስተካከለ አገኘሁት። ዓይኔ እጁ ላይ አረፈ። ለእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የእሱ ሰዓት ሦስት ይላል።

«ጋሼ፣ ሰዓትህ?»

«በዓረብ አድርጌያት ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷ በዚያ ለምዳለች። እንዳትነግራት።»

ዕቃ አይዋሽም ማለት ትቻለሁ። መርፌዬን ይዤ ወደ ኪዮስኬ ተመለስኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ሁለቱንም አልነካሁም።