ማዳመጥ፦ በጣም ጥሩ

በየሰፈሩ ለሥራ ፈላጊ ሁሉ የሚመሰክር አንድ ሰው አይጠፋም። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ እስከ ቤቴል በተጻፈ ሲቪ ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ «ሪፈረንስ» ከሚለው ቃል ሥር፣ የጋሽ ሰይፈሥላሴ ስምና ስልክ ቁጥር አለ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ናቸው። ስልካቸው ሲጠራ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም ቢሆኑ፣ ኮታቸውን ቆልፈው ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው የሚያነሱት።

የክቡርነታቸው ምስክርነት ታዲያ እንዲሁ አይገኝም። በመጀመሪያ ሲቪውን እስክሪብቶ ይዘው ያነቡታል። «ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልመሰክርም» ይላሉ። ሽኩር «በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት እችላለሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ «የምን ጫና? የእናትህን ዱቄት እንኳ ከወፍጮ ቤት ጎረቤት ነው የተሸከመላት» ብለው ሰረዙበት። ሶፊ «ታታሪ» ብትል፣ «ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ» የሚል ጨመሩላት።

ሌሊሴ የጋሼን እስክሪብቶ ፈርታለች። ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗት አንድም መሥሪያ ቤት አልጠራትም፤ አሁን ገና ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ ለእንግዳ ተቀባይነት ሲቪሽን አምጪ ብሏታል። ጋሼ ስሟን አለፉ፣ ትምህርቷን አለፉ፣ የቋንቋ ችሎታዋ ላይ ቆሙ። አማርኛና ኦሮምኛ፤ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማዳመጥ፤ ሁሉም ሥር «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል።

«ስታዳምጪ ማን አየሽ?»

«ጋሼ፣ ሁሉም ሰው እኮ እንደዚህ ነው የሚጽፈው።»

«ለዚህ ነዋ ማንም ማንንም የማይሰማው። እስቲ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች፤ የደወሉን ታሪክ ጀመሩላት። በፈተና ቀን የደወሉ መምቻ ብረት ይጠፋል፤ ጋሽ ሰይፈሥላሴ «ደወል ነኝ፣ ደወል ነኝ» እያሉ በየክፍሉ በር ይሮጣሉ፤ ያኔ አዲስ መምህርት የነበሩት ሟች ባለቤታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ከስምንተኛ ክፍል መስኮት ብቅ ብለው ይስቃሉ፤ በዓመቱ ይጋባሉ። ሌሊሴ ይህን ስድስት ጊዜ ሰምታዋለች። በሰባተኛው፣ ሳቁ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ አዛጋት። ጋሼ ታሪኩን ጨርሰው እስክሪብቷቸውን አነሱና ከ«ማዳመጥ» ሥር «እጅግ» የምትለዋን ሰረዙ። ያለ እሳቸው ምስክር ስለሌላት እያዘነች እንደዚያው አድርጋ አስገባች።

በሳምንቱ ወሬ ልትጠይቅ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብላ ሳለ ስልኩ ጠራ። ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉ። ጆሯቸው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ወደ ውጭ ለቀው ነው የሚያወሩት።

«ስለ ሌሊሴ ገሜዳ ልጠይቅዎት ነበር» አለች ከክሊኒኩ የደወለችው ሴት። «ሁሉም እጅግ በጣም ጥሩ ነው፤ ማዳመጥ ላይ ብቻ ዝቅ ብሏል። እኛ ደግሞ በሽተኛ የሚያዳምጥ ሰው ነው የምንፈልገው። ምን ጎድሏት ነው?»

«አዛግታለች።»

ሌሊሴ አንገቷን ደፋች። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ሥራ በአንድ ማዛጋት ሊሄድ ነው።

«ምን እየሰማች?» አለች ሴትየዋ።

«እኔን። ለሰባተኛ ጊዜ ያወራሁትን ታሪክ» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሌላ ሰው የለም። ሁሉም መሀል ላይ ታክሲ ያመልጠኛል ይላል። እሷ አዛጋች እንጂ አልተነሳችም። ያየሁት ይህንን ነው።»

ሌሊሴ እስከዚያ ቀን ድረስ ታሪኩ ስንት ጊዜ እንደተወራ የምትቆጥረው እሷ ብቻ እንደሆነች ይመስላት ነበር።

ሥራውን አገኘች። ቅዳሜ ልትነግራቸው ስትመጣ፣ ጋሼ ደስታቸውን ለመደበቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይገርምሻል፣ አንድ ጊዜ በፈተና ቀን…» ብለው ጀመሩ። ለከሰዓት ፈረቃዋ ሃያ ደቂቃ ቀርቷታል። በርጩማውን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አሉ ጋሼ፣ ሥራ እንዳይረፍድባት ብለው ያለወትሯቸው መሀሉን ዘለው፣ «ገበያነሽ ሳቀች።»