ለትልቅ አገር ዋስ

ትናንት ከቀትር በኋላ የመሠረተ ትምህርት ደብተሬ ላይ እንደተደፋሁ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። በሕልሜ፣ ልጄ ሰዓዳ ሸሚዝ የምትሰፋበት ፋብሪካ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሰሞኑን ማሽኖቹ በመኪና እየተጫኑ ሊወሰዱ ነው ሲባል ሰምቼ፣ ልጄንም አብረው ይወስዱብኛል የሚል ፍርሃት ገብቶኝ ነበር።

የተሰለፉት ግን የሰፈራችን ሴቶች አልነበሩም። ከቻይና የመጡት አለቆች ናቸው፤ ሁሉም የእናታቸውን እጅ ይዘዋል። የኛ ልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው የአለቆቹን ጣት እየዳሰሱ ይመርጣሉ። ሰልፉ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ባሕር ውስጥ ይገባል። ኮሽታ የለም።

"ምን ይጠብቃሉ?" አልኩት ዘበኛውን።

"ዋስ። ያለ ዋስ ሥራ የለም።"

"አገራቸው ትልቅ ሆኗል ሲባል አልነበር?"

"ትልቅ ስለሆነ እኮ ነው ዋስ የጠፋለት። ማን ይችለዋል?"

አንዲት አሮጊት የሰዓዳን አለቃ እየጎተቱ ወደ እኔ መጡ። አማርኛቸው የወሎ ነው።

"ዘይነባ እህቴ፣ በአላህ፣ ለልጄ ዋስ ሁኚልኝ። የእናት ነገር ይገባሻል።"

"እኔ እኮ ልጅዎን አላውቀውም!"

"እኔስ ልጅሽን መች አውቃታለሁ? የሰፋችውን ግን ይኸው ለብሼ እውላለሁ።"

ኮሌታቸውን ገለጥ አደረጉ። የተሰፋው በክር አልነበረም፤ በሰዓዳ ፀጉር ነበር።

ዘበኛው የዘረጋልኝ የዋስ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። "ዘ" ስጽፍ የፋብሪካው አንድ ጥግ ከመሬት ተነሳ። "ይ" ስጽፍ ሌላው። ስሜን ስጨርስ ፋብሪካው በአራት እግሩ ቆመና እንደ ግመል እየተወዛወዘ ወደ ቆላ ወረደ። በየመስኮቱ ልጆቹ መስፋታቸውን አላቆሙም።

"ሰዓዳ!" ብዬ ጮኽኩ።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ዞሩ። "አቤት እማዬ!" ፊታቸው አንድ ነው። የቷ የኔ እንደሆነች መለየት አቃተኝ።

"ዋሱ እርስዎ ነዎት፣ እናቴ" አለኝ ዘበኛው። "አለቃው ከሄደ ቦታው ላይ እርስዎ ይቆማሉ።"

ቁልቁል ባይ እግሬ እስከ ጉልበቴ ሲሚንቶ ሆኗል።

"እማዬ! ተነሺ በይ!"

የምትነቀንቀኝ ሰዓዳ ነበረች። ፊቷን ዳበስኩት፤ አንድ ናት።

"አልሃምዱሊላህ! ፋብሪካው ሲሄድ አይቼ..."

"ማን ነገረሽ? እውነት ነው፣ ሌላ አገር ሊሄድ ነው። የዚያን አገር ሴቶች የምናሠለጥን አሥር ሰው መርጠዋል፤ አንዷ እኔ ነኝ። ዋስ ብቻ ነው የቀረኝ።" ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ።

የመጀመሪያውን መስመር በጣቴ መከተል ጀመርኩ። "ቆይ፣ ላንብበው።"

"እማዬ፣ ቶሎ በይ! የፋብሪካው መኪና ደጅ እየጠበቀኝ ነው፤ ሞተሩን አላጠፋም እኮ።"