ቅርፊቱን ያየሁ የመሰለኝ ዓሣ

ሰው ምሳ ላይ ለጋስ ነው፤ የማያውቀው ምግብ ቢቀርብለትም አጠገቡ ያለው ሰው ከበላ እሱም ይበላል። እራት ላይ ደግሞ ደክሞታልና ምን እንደጎረሰ አይጠይቅም። ቁርስ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ሁላችንም መርማሪ ነን። እስቲ እውነቱን ይናገሩ፤ ከፍርፍርና ከእንቁላል ውጭ የሆነ ነገር በጠዋት ቢቀርብልዎ፣ መጀመሪያ የሚያዩት ሳህኑን ነው ወይስ ያቀረበውን ሰው ፊት?

እኔ በበኩሌ አስቀድሜ የምጠረጥረው ራሴን ነው። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ መቆለፌን ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ባሕር ማዶ፣ ቱክዊላ በምትባል ከተማ በሚገኘው የታላቅ እህቱ ቤት ለእህቱ ባል ኢል የሚባለውን ዓሣ በኑድል ሊሠራ የተነሣው።

የእህቴ ባል ጋሽ መሸሻ ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ምግብ እምቢ ብለዋል። ሐኪሙ ሰኞ ሲመዘኑ ክብደታቸው ከቀነሰ ተመልሰው እንደሚተኙ ነግሯቸዋል። የእህቴ የአልማዝ አጥሚት በየጠዋቱ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ይህን መጋዘን ውስጥ አብራኝ ለምትሠራ አንዲት ቬትናማዊት ሳወራላት፣ እናቷ ከበሽታ የተነሣን ሰው በኢል ኑድል እንደምታበረታ ነግራኝ አሠራሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈችልኝ።

ችግሩ ዓሣው እባብ ይመስላል። ትልቁ ችግር ደግሞ ጋሽ መሸሻ የዝዋይ ልጅ ናቸው። ዓሣ ያውቃሉ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም ስለተባለ አምባዛ እንኳ ነክተው አያውቁም።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ጾምም የለም። ዓሣውን በጨው አሽቼ ዝልግልጉን አጠብኩ። ከዚያ ጋሽ መሸሻ ዳዊት የሚደግሙበትን ማጉያ መነጽር ከመደርደሪያ አውርጄ ቆዳውን መረመርኩ። ቅርፊቱ ከቆዳው ሥር የተቀበረ፣ እጅግ ደቃቅ ነው ሲባል አንብቤአለሁ። አንድ ነገር አየሁ። ቅርፊት ይሁን የመነጽሩ ጭረት እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ቀቅዬ፣ ከነመረቁ ኑድል ላይ አፍስሼ አቀረብኩ።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ መሸሻ።

«ዓሣ ነው፣ ጋሼ።»

«የምን ዓሣ?»

«የ... የውሃ ዓሣ።»

«ሶ፣ የየብስም አለ እንዴ?» አለች እህቴ።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ቤዛ አንገቷን አስግጋ ሳህኑን አየችና «ማሚ፣ ኢት ሉክስ ላይክ ኤ ስኔክ!» አለች።

ጋሽ መሸሻ ማጉያቸውን አንሥተው ወደ ሳህኑ አስጠጉ። ከዚያ ወደ ዓይናቸው። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው።

«መነጽሬ ለምንድን ነው ዓሣ ዓሣ የሚሸተው?»

ሁሉንም ዘከዘክሁት። እባብ እንደሚመስል፣ ግን ክንፍ እንዳለው፣ ቅርፊትም እንዳለው።

«አይተሃል?»

«ያየሁ መሰለኝ።»

«ማልልኛ!»

መማል አልቻልኩም። እህቴ ሳህኑን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ጋሽ መሸሻ ከለከሏት።

«ተይው። ይሄ ልጅ የቆለፈውን በር ሦስቴ የሚነካ ልጅ ነው። እሱ መሰለኝ ካለ፣ ሌላው ምሎ ከሚነግረኝ ይሻለኛል።» ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠሉ። «ለመሆኑ ቀምሰኸዋል?»

አልቀመስኩም ነበር። ጨዉን እንኳ የለካሁት በማንኪያ ጫፍ እንጂ በምላሴ አልነበረም።

«አንተ የፈራኸውን ነው እኔ የምበላልህ? በል፣ አፍህን ክፈት!»

ሹካውን ትተው በእጃቸው ጠቅልለው ዘረጉልኝ። የታላቅ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ዋጥኩት። ሦስቱም አፍጥጠው ጠበቁ፤ ቤዛማ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ነበር። አልሞትኩም። ይጣፍጣል ደግሞ፤ ይህን አልጠረጠርኩም ነበር።

ጋሽ መሸሻ አማትበው ጀመሩ፤ ጨረሱም። እሑድም አዘዙ። ጥርጣሬያቸው ግን ከነሕይወቱ ነው፤ እሳቸው ሁለት ጊዜ ሲጎርሱ አንዱ ለእኔ ነው፣ ያውም ትልቁ።

ሰኞ ሐኪም ቤት ሲመዘኑ አንድ ፓውንድ ጨምረው ተገኙ። እኔም እቤት ተመዘንኩ። ወርጄ፣ ሚዛኑን አስተካክዬ፣ እንደገና ወጣሁ፤ ለማረጋገጥ ሦስተኛም ሞከርኩ።

አራት ፓውንድ ጨምሬአለሁ።